ውሃ የሚጠጣው ብረት

ቢያዝን በየቀኑ የሰው ደጅ ሲደርስ፣ ከማንኳኳቱ በፊት የቆርቆሮውን በር በእጁ ጀርባ ነካ ያደርጋል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። በመዳፍ የነካ ሰው፣ በሩ ላይ የኤሌክትሪክ መስመር ካረፈበት፣ እጁ ጨብጦ ይቀራል።

ልማዱን ያመጣው ከደብረ ኤልያስ ነው። ከአራት ዓመት በፊት የእትዬ የብርጓልን አሮጌ ቤት መስመር ሲዘረጋ ሽቦ አጠረው። ለከብቶቹ ማደሪያ አምፖል አንድ ሽቦ ብቻ ወሰደና መመለሻውን፣ ኒውትራል የሚሉትን፣ ደጅ መሬት ውስጥ በቀበረው ብረት ላይ አሰረው። ክረምቱን ቦግ ብሎ በራ። ታኅሣሥ ላይ መሬቱ ሲደርቅ ፈዘዘ።

«አንተ ቢያዝን፣ መብራትህን ዓይኑን አመመው እኮ!» አሉት በስልክ።

«ብረቱን ውሃ ያጠጡት፣ እትዬ።»

«እንደ ጎመን?»

«እንደ ጎመን!» ተሳሳቁ።

የካቲት ላይ ላማቸው ብረቱ ሥር ያቆረውን ውሃ ልትጠጣ ስታጎነብስ እዚያው ወደቀች። ቢያዝን ተጠርቶ መጥቶ፣ አፍንጫዋ ብረቱን እንደነካ ሲያያት የአምፖሉ ኤሌክትሪክ በብረቱ በኩል እንደመታት ገባው። ቆጣሪውን አጠፋ፣ ብረቱን ነቀለ፣ ሁለተኛ ሽቦ ከቆጣሪው ድረስ ሳበ። ምክንያቱን አልተናገረም።

የብርጓል ግን ጎረቤታቸውን ወለተ ኪዳንን ጠረጠሩ፤ በዋዜማው ላሟን አይታ «ጡቷ እንዴት ያምራል!» ብላ ነበርና። ከዚያ ወዲህ ወለተ ኪዳን ስታልፍ እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። በማኅበር ቀን አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ።

ቢያዝን ሦስት ዓመት ቻለው። ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ሁለቱን ሴቶች አንድ ላይ አስቀምጦ «ላሟን የገደልኳት እኔ ነኝ፤ ሽቦው ነው» አለ።

የብርጓል ራሳቸውን ያዙ። ወለተ ኪዳን አላለቀሰችም።

«ለሥራ በመጣህ ቁጥር ጠላ የምቀዳልህ እኔ አልነበርኩም?»

«ነበርሽ።»

«እንዴት ወረደልህ?»

በቀጣዩ ማኅበር የብርጓል የወለተ ኪዳንን እጅ ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧት። ሌሎቹ ግን ነጠላቸውን አልተዉም።

ይህን ሁሉ እንድጽፍ ቢያዝን ፈቅዶልኛል። አንዲቱን ነገር ብቻ «እሷን ተይልኝ» ብሎ ለምኖኛል፤ ያን ዕለት የብርጓል ላሟ አጠገብ ተንበርክከው «የወለተ ኪዳን ዓይን ነው፣ አይደል?» ሲሉት፣ የነቀለውን ብረት በእጁ እንደያዘ «ይመስለኛል» ማለቱን።