ፍራሽ የማስጣት ዘመቻ

ትናንት ጠዋት ገርጂ ልጄ ቤት ስደርስ በረንዳው ላይ የሕፃን ፍራሽ ተሰጥቶ አገኘሁ። የልጅ ልጄ ናሆም መጋረጃው ጀርባ ተደብቋል። እናቱ፣ ልጄ ትዕግስት፣ ደግሞ «ትልቅ ልጅ ሆነህ አታፍርም?» እያለች ትጮኻለች።

እኔ ሽማግሌው ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ይህቺ የምትጮኸው ሴትዮ በደርግ የመጨረሻ ዓመታት... እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ያኔ የምንኖረው ቦሌ፣ አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር ጣሪያችን በሚንቀጠቀጥበት ሠፈር፣ በቀበሌ ቤት ነበር። ትዕግስት፣ ያኔ ቲጂ የምንላት፣ ገና ስድስት ዓመቷ ነው። ቀን ቀን ምላሷ የማይታጠፍ፣ ሌሊት ሌሊት ደግሞ... ፍራሿ ላይ ካርታ የምትሠራ።

ያልሞከርነው የለም። እናቷ ከመሸ በኋላ ውሃ ከለከለቻት። አማቴ ደግሞ «በእሳት የተጫወተ ልጅ መኝታው ላይ ይሸናል» ብለው ከምድጃ አባረሯት። ልጅቷ ክብሪት ስታይ መሸሽ ጀመረች... ፍራሹ ግን ያው ነው።

ከሽንቱ የባሰው ግን ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ነበሩ። ፍራሹ አጥር ላይ በወጣ ቁጥር ሠፈሩ እንዲሰማ አድርገው «ዛሬም እናንተ ቤት ብቻ ዘነበ?» ይላሉ። ልጆቹ ደግሞ ከሳቸው ተቀብለው «ካርታ ሠሪዋ መጣች!» ይላሉ። ቲጂ ከቤት መውጣት አቆመች። መዋዕለ ሕፃናትም አልሄድም አለች።

አንድ ጠዋት ሱሪዬን ያዝ አደረገችኝ።

«አባዬ፣ ፍራሼን ማታ አስጡልኝ። ማንም እንዳያየው።»

«ማታማ ፀሐይ የለም፣ የኔ እመቤት።»

«ጨረቃዋ ትበቃኛለች።»

አንጀቴን በላችው።

ያኔ የቀበሌያችን የጽዳት ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። ሥልጣኔ ከቆሻሻ ገንዳ ባያልፍም ሥልጣን ነው። መቼም በዚያ ዘመን ያለ ዘመቻ የሚሠራ ነገር አልነበረም... ማንበብም ዘመቻ፣ ማረስም ዘመቻ፣ ቦይ መጥረግም ዘመቻ። እኔስ ከማን አንሼ? ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ።

«ጓዶች! ደም መጣጩ ባላባት ከተወገደ በኋላ ደም መጣጩ ትኋን በሰፊው ሕዝብ ፍራሽ ውስጥ ተንደላቆ ይኖራል? እሑድ ጠዋት እያንዳንዱ ቤት ፍራሹን ሜዳው ላይ ያስጣ!»

ትኋንን ደግፎ የሚናገር ማን ደፋር አለ? በሙሉ ድምፅ አለፈ።

እሑድ የሠፈሩ ፍራሽ ሁሉ ሜዳው ላይ ተደረደረ። ቲጂን እጇን ይዤ ወጣሁ። መጀመሪያ ዓይኗን ከመሬት አልነቀለችም... በኋላ ቀስ እያለች ቀና አለች።

«አባዬ፣ ይኼም ካርታ አለው!... ያኛውም!»

እትዬ ዘውዴ የራሳቸውን ፍራሽ ነጠላ አልብሰውት አጠገቡ ቆመዋል። ነፋስ መጣና ነጠላውን ገለጠው... አፍሪካ ሙሉዋን!

«ሻይ ነው» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

በመጨረሻ የቀበሌው ሊቀመንበር መጡ። ሽጉጥ ከወገባቸው የማይለይ፣ ሲያልፉ ውሻ እንኳ ጩኸቱን የሚያቋርጥላቸው ላጤ ናቸው። ሁለት የአብዮት ጥበቃ ልጆች ፍራሻቸውን ተሸክመው ተከትለዋቸዋል... ታጥፎ፣ በገመድ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል። እንደታሰረ ጥግ ላይ አስቀመጡት። ሁላችንም ሌላ ሌላውን አየን።

ቲጂ ብቻ ከእጄ አመለጠች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ታስሮ አይደርቅም እኮ።»

ክው አልኩ። ሰውየው አሁን «ይህን ዘመቻ ማን ነው ያመጣው?» ቢሉ መልሱ እኔ ነኝ... ለአንዲት ልጅ ሽንት ብዬ ቀበሌውን በሙሉ ማዝመቴ ከታወቀ ደግሞ ልጄን የማሳድገው ከእስር ቤት ሆኜ ነው።

ሊቀመንበሩ ቁልቁል አዩዋት። እሷ ግን አልጨረሰችም። ጠጋ ብላ ሹክ አለቻቸው፤ ሹክሹክታዋ ደግሞ ሜዳው ሙሉ የሚሰማው ዓይነት ነው።

«እርስዎም እሳት ነካክተው ነው?»

ያን ሰዓት አውሮፕላን እንኳ አላለፈም።

ሰውየው ቁጢጥ አሉ።

«እናቴም እንደዚያ ነበር የምትለኝ» አሏት ቀስ ብለው... ገመዱንም በገዛ እጃቸው መፍታት ጀመሩ። ቲጂ አንዱን ጫፍ ያዘችላቸው። ፍራሹ ተዘረጋ። ምን እንደነበረበት አልናገርም... የእትዬ ዘውዴ አፍሪካ ግን አነሰች።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጓድ ጸሐፊ!»

«አቤት ጓድ!»

«ይህ ዘመቻ ቋሚ ይሁን። በየእሑዱ።»

ሆነም። ቲጂ በማግስቱ እየዘለለች መዋዕለ ሕፃናቷ ሄደች። ሽንቱ እንኳ ወዲያው አልቆመም፣ ወራት ፈጅቷል። ግን እሑድ ሲመጣ ፍራሿን ራሷ እየጎተተች ታወጣ ነበር። እሷ ካቆመች በኋላም ዘመቻው ቀጠለ... ለማን ሲባል እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ትናንት ይህን ሁሉ ስተርክ ናሆም ከመጋረጃው ወጣ። «እማዬም?» አለ፣ ዓይኑ በርቶ።

«አባዬ! አሁን ይኼ ለልጅ ይነገራል?» አለች ልጄ፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ። ወዲያው ግን ራሷም ሳቀች፣ ልጇን አቅፋ ሳመችው። ሳቋን ሳትጨርስ እሱ አምልጧት ወጥቶ የጎረቤት በር ይደበድባል።

«ዘመቻ ነው! ፍራሻችሁን አውጡ!»

ከሰዓት ልሄድ ስወጣ ቀና ብዬ ኮንዶሚኒየሙን አየሁት። ሌላ በረንዳ ላይ ሌላ ፍራሽ ተሰጥቷል...

መንግሥት ሲመጣ ሲሄድ አየሁ፤ ፍራሹ ሁሉ ደርቆ ያደረ ሠፈር ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።