የሰረዝኩት አያት

ወንድሜን ጎርፍ ወሰደው። ያን ቀን ድሬዳዋ ላይ አንድ ጠብታ አልዘነበም። የደቻቱ ወንዝ እንዲህ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይከርምና ተራራው ላይ የጣለው ዝናብ ሳይታሰብ ይደርሳል። ወንድሜ ከሰፈራችን ከመጋላ ሽንኩርት ጭኖ በጋሪው ወንዙን ወደ ከዚራ ሰፈር እየተሻገረ ነበር። ፈረሱን በሦስተኛው ቀን ከከተማው በታች አገኙት። ጋሪውንም አንድ ጎማ ጎድሎት አገኙት። እሱን አላገኙትም። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ ለመጻፍ ሞክሬ አልቻልኩም።

መቃብር የለውም። የሰፈሩ ሰዎች መስጊድ ተሰብስበው አስከሬን በሌለበት ሰገዱለት። እናቴ ግን ሰላት መቃብር አይሆንም ትል ነበር። ዓርብ ዓርብ ሌሎች እናቶች ወደ መቃብር ሲሄዱ እሷ የምትሄድበት ጠፍቷት በራፍ ላይ ትቀመጣለች።

ሲሞት ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። አላገባም። አባታችን የሞተው እኔ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቤቱን የያዘው እሱ ነው። እሱ ጋሪ ነዳ፣ እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ደረስኩ። ስለ ማግባት ሲነሳበት መጀመሪያ ተማሪው ይጨርስ ይላል። ስለዚህ ከኋላው የቀረ ልጅ የለም። ይህን ስጽፍ እንደ ቀላል ነገር ይወጣል፤ ቀላል አይደለም።

በእኛ በሶማሌዎች ዘንድ ወንድ ልጅ አፉን ሲፈታ አባቶቹን መቁጠር ይማራል። አብቲርሲ ይባላል። ከራስህ ስም ተነስተህ አባትህን፣ አያትህን፣ ቅድመ አያትህን እየጠራህ ጎሳው እስከጀመረበት ሰው ድረስ ትወጣለህ። ሁለት የማይተዋወቁ መንገደኞች ሲገናኙ ይቆጣጠራሉ፤ አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ዘመድ ናቸው፣ ውኃም እንጀራም ይካፈላሉ። አባቴ ለወንድሜ አስተማረው። እኔን ግን ዛሬ ነገ አስተምረዋለሁ ሲል ሞተ።

ወንድሜ ሊያስተምረኝ ሞክሯል። ከሥራ ሲገባ ፈረሱን እያጠበ ይጠራቸውና ተቀበል ይለኛል። እኔ መጽሐፌን ይዤ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን ሲነዘንዘኝ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ሦስት ስም ይበቃል፣ አራተኛውን የጠየቀኝ አስተማሪ የለም አልኩት። ባልዲውን አስቀምጦ ሳቀብኝ።

«በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች። እናንተን እዚያ የሚያስተምሯችሁ ይህንን ነው?»

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ አልነዘነዘኝም።

ከጎርፉ አራት ወር በኋላ እናቴ አንድ ወሬ ይዛ መጣች። በሐርላ መንደር በኩል ባሉት የአባቴ ዘመዶች ዘንድ ወንድ ልጅ ተወልዷል፤ ሐሙስ ሰባተኛ ቀኑ ነው፣ ፍየል ታርዶ ስም ይወጣለታል። ወሬውን የነገረቻት ከዚያ ወተት ይዛ ወደ መጋላ የምትወርድ ሴት ናት። እናቴ ይህን ስትነግረኝ አልተቀመጠችም።

«ሆዮ፣ ወንድምህ መቃብር የለውም» አለችኝ። ሆዮ እናት ማለት ነው፤ የእኛ እናቶች ልጃቸውን በራሳቸው ስም ይጠሩታል። «ስም ይኑረው። ሂድና ለምናቸው፤ ለሕፃኑ የሱን ስም ያውጡለት።»

በአባቴ ዘመዶች ደንብ፣ ለሕፃን የሟች ስም የሚለምን ሰው ሟቹና ሕፃኑ የት ላይ እንደሚገናኙ በሽማግሌዎች ፊት ቆጥሮ ማሳየት አለበት። በእኛ ቤት ይህን የሚቆጥረው ወንድሜ ነበር። እናቴ ከሌላ ጎሳ ናት፤ ነገር ግን አባቴ ለወንድሜ ሲያስተምር ከጓዳ ሆና ስለሰማች ሁሉንም ታውቃቸዋለች። ደብተሬን አወጣሁ። ዓይኗን ጨፍና፣ በአውራ ጣቷ የጣቶቿን አንጓ እየነካች አንድ በአንድ ጠራችልኝ።

አምስተኛው ላይ አንድ ስም ጠራች። ቀጥላ ያንኑ ስም ደግማ ጠራችው። እኔም ደግሜ ጻፍኩት። እሷ ወደ ላይ ቀጠለች። አሥራ አራት ሞሉ።

ያን ሰሞን እናቴ ነገር ትደጋግም ነበር። ወጡ ውስጥ ጨው ሁለቴ ትጨምራለች። ትምህርት ቤት ቆየህ ወይ ብላ ጠይቃኝ መልሼላት፣ ውኃ ቀድታ ስትመለስ እንደገና ትጠይቀኛለች። ይህንንም ከዚያ ቆጠርኩት። ደግመሻል ወይ ብዬ ብጠይቃት ማልቀስ ትጀምራለች ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ምንም ሳልላት ስድስተኛውን ሰረዝኩት። ቀሪዎቹን በንጹሕ ገጽ ላይ በሚያምር ጽሕፈት ገለበጥኳቸው። አሥራ ሦስት ሆኑ። ስህተት ያረምኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህንን መደበቅ አልፈልግም።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ሐረር በሚወጣ የጭነት መኪና ተሳፍሬ ሄድኩ። መገንጠያው ላይ ወርጄ ቀሪውን በእግሬ ተጓዝኩ፤ በመንገድ ላይ አሥራ ሦስቱን በቃሌ አጠናሁ። ከመንደሩ በፊት የድሮ ሰዎች የሠሯቸው የፈረሱ የድንጋይ ግንቦች አሉ። ፍየሎች ላያቸው ላይ ይወጣሉ። የገነቡት ሰዎች በትዕቢታቸው ተረግመው አለቁ ይባላል። እነዚያን ሰዎች አባቶቼ ናቸው ብሎ የሚቆጥር ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እኔ ግን ያን ጊዜ ይህንን አላሰብኩም፤ ስሞቼን እየደጋገምኩ አለፍኩ።

ወንዶቹ ግራር ሥር ተቀምጠው ነበር። ፍየሉ ታርዷል። የሕፃኑ አያት በአባቴ በኩል አጎቴ የሚባል ሽማግሌ ነው፤ አዴር እለዋለሁ፣ የአባት ወንድም ማለት ነው። ተነስቶ አቀፈኝና ስለ ወንድሜ ረጅም ዱዓ አደረገ። ሁሉም ያውቁታል። በየዓመቱ ማሽላው ሲታጨድ ስኳርና ሻይ ቅጠል ይዞ ይመጣ እንደነበር ነገሩኝ። እኔ ይህንን አላውቅም ነበር። ሸቀጥ ለማምጣት የሚሄድ ይመስለኝ ነበር።

ከወጣቶቹ አንዱ የተተኮሰ ሸሚዜንና ጫማዬን አይቶ፣ ለተማሪው አስተርጓሚ ጥሩለት አለ። ሶማሊኛዬ የከተማ ነው፤ አማርኛ ይገባበታል። ሳቁ። የክፋት ሳቅ አልነበረም።

የመጣሁበትን ተናገርኩ። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ እሱንም ደስ ያለው መሰለኝ። የሕፃኑን አባትም አየሁት፤ እሱም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቁጠር አለኝ። ደብተሬን ሳወጣ እጁን አነሳ።

«እሱን ኪስህ ክተተው። ወረቀት አባት የለውም።»

በቃሌ ቆጠርኩ። አንድም ሳልደናቀፍ እስከ ላይ ወጣሁ።  ሽማግሌው ድገም አለኝ። ደገምኩ። አምስተኛው ላይ ስደርስ አስቆመኝ።

«ይህ የትኛው ነው? አባትየው ነው ወይስ ልጁ?»

አልገባኝም። አንድ ስም ነው አልኩት። ቅድም የቀለደብኝ ወጣት ጣልቃ ገባ።

«በተማሪው ቁጥር ከሄድን አንድ ትውልድ ይጎድልና የእሱ አባት ለአዴር አጎት ሊሆን ነው። አዴር፣ ተነስና የአጎትህን ልጅ ጉልበት ሳም።»

ሰዎቹ ሳቁ። ሽማግሌው አልሳቀም። ቀስ ብሎ፣ ለትንሽ ልጅ እንደሚነገር ነገረኝ። ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አባትና ልጅ። አባትየው በውኃ ጉድጓድ ላይ በተነሳ ጠብ ተወግቶ ሲሞት ሚስቱ እርጉዝ ነበረች። ወንድ ወለደች። በሰባተኛው ቀን ወንዶቹ ተሰብስበው የሟቹን ስም ለሕፃኑ ሰጡት። ስሙ ሁለቴ የሚጠራው ለዚህ ነው። እናንተና እኛም የምንገናኘው በዚያ ልጅ ላይ ነው።

«ዛሬ አንተ የምትለምነውን ያን ጊዜ አድርገውታል» አለኝ። «አንዱን ስም ማን ነው ያጎደለው? እናትህ ናት?»

እናቴ በትክክል ነው የነገረችኝ፣ የሰረዝኩት እኔ ነኝ አልኩት። ለምን አለኝ። ሁለቴ ስለተጻፈ አልኩ። ይህን መልስ ስሰጥ ድምፄ ክፍል ውስጥ ለአስተማሪ የምመልስበት ድምፅ ነበር።

 ሽማግሌው ወንድሜ ሲመጣ የመንደሩን ልጆች ሰብስቦ ያስቆጥራቸው እንደነበረ ተናገረ፤ የተሳሳተውን ልጅ ጆሮ ይቆነጥጥ ነበር፣ ላልተሳሳተው ስኳር ይሰጥ ነበር። ይህን ሲናገር ሌሎቹ ፈገግ አሉ።

«ይህ ሕፃን አድጎ የማንን ስም ነው የያዝኩት ቢል» አለኝ፣ «ሊነግረው የሚገባው የሟቹ ወንድም ነው። አንተ ነህ። ምን ትለዋለህ?»

 ጠበቀኝ። እውነት ለመናገር ረጅም ጊዜ ጠበቀኝ። አስተምሩኝ ማለት እችል ነበር። እማራለሁ፣ በየዓመቱ እመጣለሁ ማለት እችል ነበር። እነዚህ ቃላት የመጡልኝ ወደ ቤት ስመለስ መኪናው ላይ ሆኜ ነው። ያን ጊዜ መሬት መሬት አየሁ።

ከሕፃኑ አባት ጋር ጥቂት ተነጋገሩ። ከዚያ ለሕፃኑ የእናቱን አባት ስም አወጡለት። ሁሉም አሚን አሉ፤ እኔም አልኩ። ሥጋ ሰጡኝ፣ በላሁ። ከምግብ በኋላ ሽማግሌው አጠገቡ አስቀምጦ አሥራ አራቱንም አስቆጠረኝ። በሦስተኛው ሙከራ አወቅኋቸው። የወንድሜ ስም ለሚቀጥለው ልጅ ይሆናል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ልጅ የሚሰጠው አላህ ነው አለኝና ተነሳ።

መጋላ ስደርስ እናቴ በራፍ ላይ ቆማ ነበር።

«ጠሩት?» አለችኝ።

ልነግራት ነበር። መንገድ ላይ እንዴት እንደምነግራት ተዘጋጅቼ ነበር። ፊቷን ሳይ፣ ሕፃኑ አሞት ስለነበር ስሙን አስቀድመው አውጥተው ጠበቁኝ አልኳት። ዘግይቼ ደረስኩ አልኳት።

ተቀመጠች። ወሬውን የሰማችው ቅዳሜ እንደነበረ ነገረችኝ። ፈተና ላይ ነበርኩ። ልጁን አላውከውም፣ ወንድሙም ቢኖር አይወድልኝም ብላ እስከ ማክሰኞ ይዛ ቆይታለች።

«እኔ ነኝ ያስቀረሁት» አለች።

አይደለሽም ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነው። ሻይ አቀረበችልኝና ጠጣሁ።

ይህ ከሆነ ሰባት ወር አለፈው። እናቴ ማንበብ አታውቅም፤ ይህንንም የጻፍኩት በማታውቀው ቋንቋ ነው። ጎረቤት ሲመጣ ስለዚያ ቅዳሜ ትናገራለች። በዕለቱ ብነግረው ኖሮ የልጄ ስም ዛሬ በሐርላ ይጠራ ነበር ትላለች። ሴቶቹ የአላህ ውሳኔ ነው ብለው ያጽናኗታል። እኔ እዚያው ቤት ተቀምጬ እሰማለሁ።