የመዘምራኑ ጉርድ

«ጉርዱን ያበላሸሽው አንቺ ነሽ። ነገ የመዘምራኑ መሪ ስትመጣ እንዲሁ ብለሽ ትነግሪያታለሽ። አለዚያ እዚህ ደጅ እንዳላይሽ።»

እንዲህ ያለኝ አሠሪዬ ነው፤ ቦንጋ ገበያው አጠገብ ልብስ ይሰፋል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት ከምቀመጥ ብዬ ነው እሱ ጋ የገባሁት። ጉርድ አጥፎ መተኮስ የኔ ሥራ ነበር። የሚጠሉኝም ቢሆኑ እጇ መጥፎ ነው አይሉም።

ጉርዶቹ የቤተ ክርስቲያን ሴት መዘምራን ያዘዟቸው ናቸው፤ ዙሪያቸውን በሁለት ጣት ስፋት የሚታጠፉ። እሱ ለካ፣ እኔ አጠፍኩ። በክር ብቻ እንያዘውና ለብሰው ይሞክሩት ብዬ ብነግረው አልሰማ አለኝ። የሚዘምሩበት ጉባኤ ደርሷል፣ በትኩስ ካውያ አስይዢው አለ። አስያዝኩት።

ሴቶቹ መጥተው ለበሱ። ቆመው ልክ ነበር፤ አንድ መዝሙር ሲጀምሩ ወገቡ ያዛቸው፣ የአንዷ መንጠቆ ተፈናጠረ። ለካ ሲለካቸው ዝም ብለው፣ ሆዳቸውን ስበው ነው የቆሙት። የሚዘምር ሰው ደግሞ ትንፋሹን ከሆዱ ነው የሚስበው።

ፈትተሽ ወገቡን አስፊው አለኝ። ፈታሁት፤ የእጥፉ መስመር ግን ሳይጠፋ ቀረ። ጥጥ ቢሆን ውኃ ረጨት አድርገሽ ስትተኩሺው ይለቃል። ፖሊስተር አይለቅም። እጥፉ ላይ በውጭ በኩል ያለው ክር ይወጠራል፣ በውስጥ ያለው ይጨመቃል፤ እሳት ሲያርፍበት እንደዚያው ይቀራል። በእጅሽ ስትጫኚው የተስተካከለ ይመስላል፣ እጅሽን ስታነሺ ይነሳል። በኮምጣጤም ሞከርኩ። ጨርቁ አብለጨለጨ እንጂ መስመሩ አልጠፋም። ድገሚው አለ፤ ይቃጠላል አልኩት፤ ደንቆሮ አለኝ። ጥፋቱን በራስሽ ውሰጂ ያለኝም ያኔ ነው።

በማግስቱ የመዘምራኑ መሪ መጡ፤ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። አንዱን ጉርድ በሩ ላይ፣ ብርሃን ፊት ዘረጉት።

«ይሄን ለብሰን ሕዝብ ፊት ልንቆም ነው?»

አሠሪዬ ወደ እኔ ዞረ። ጥፋቱን ከተቀበልኩ ሥራዬ ይተርፋል፤ ግን ጨርቅ ታበላሻለች የሚለው ወሬ ከተማውን ያዳርሳል፣ ሌላ ልብስ ሰፊ አያስጠጋኝም።

«እትዬ፣ ጋሼ ሲለኳችሁ እየዘመራችሁ አልነበረም» አልኳቸው። «እኔ በሰጡኝ ልክ ነው ያጠፍኩት። ሳይሞከር ተኩሺው ያሉኝም እሳቸው ናቸው።»

«የዚችን ምላስ የሚያስተኛ ካውያ ብቻ ጠፋ» አለ።

ሴትየዋ አልሳቁም። እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቁት። የስፌት መኪናው ላይ አቀርቅሮ ክር መሰካት ጀመረ።

ካውያውን ነቀልኩ፣ ጃኬቴን ከሚስማሩ ላይ አወረድኩና በሴትየዋ አጠገብ አልፌ ወጣሁ።