አንቺ ይለኝ የነበረው ሰው

ሰሞኑን ዕቃ ሳስተካክል የተማሪነት ስልኬን አገኘሁና ቻርጅ ላይ ሰካሁት። ሲሞቅ የጀርባ ክዳኑ ሙጫ ሸተተኝ። ያን ሙጫ የቀባው አንቺ እያለ ይጠራኝ የነበረ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ወንድ ነኝ።

ዲላ ስማር የአንድ ድምፃዊ አድናቂዎች በስልክ የምንገናኝበት ግሩፕ ነበረን፤ አድሚኑ እኔ ነበርኩ። አብዛኞቻችን ከየአገሩ የመጣን ተማሪዎች ነን። ባለ ሙጫው ግን ከዲላ አጠገብ ባለችው ወናጎ መንገድ ዳር ስልክ የሚጠግን፣ በሚሞሪ ዘፈን የሚጭን የጌዴኦ ልጅ ነበር። ሌላ ሰው ጋ የማይገኙ የድሮ ካሴቶችን ቀድቶ የሚልክልን እሱ ነው። በድምፅ መልእክቶቹ ውስጥ ባጃጅ ሲያልፍ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው ይሰማል።

ድምፃዊው ባንዱን በኪቦርድ ተክቶ አዲስ አልበም ሲያወጣ ግሩፑ ለሁለት ተከፈለ። እኔ ከአዲሱ ወገን ነበርኩ። ክፍል ቀርቼ ረጅም ትንታኔ ጻፍኩ፤ ኮርቼበትም ነበር። እሱ ከሥሩ መለሰ፦ «አንቺ ሙዚቃ አልገባሽም። ሳክስፎኑ የት ሄደ? ደግመሽ ስሚ።»

የሳቅ ምልክት ዘነበ። ያኔ ዐይኔን የጣልኩባት ልጅ «እህቴ፣ ተነገረሽ!» ብላ ጻፈች። ደሜ ፈላ። ሆን ብሎ በሰው ፊት ሊያዋርደኝ ነው ብዬ «ስድብ ክልክል ነው» ብዬ ጻፍኩና ከግሩፑ አስወጣሁት።

በነጋታው ለዶርም ጓደኛዬ ነገርኩት። እሱም የወናጎ ልጅ ነውና በሳቅ ከአልጋው ሊወድቅ ደረሰ። «እሱ እኮ ለሁሉም አንቺ ነው! እኔንም፣ አጎቱንም። አማርኛ የለመደው ከእናቱ ጋር ገበያ እየዋለ፣ ሴቶቹ ሲጠራሩ ሰምቶ ነው።»

ቅዳሜ የተላቀቀውን የስልኬን ክዳን ምክንያት አድርጌ በሚኒባስ ወናጎ ሄድኩ። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ፊቱ በራ። «አንቺ ነሽ እንዴ! ግቢ፣ ቁጭ በይ!» ግሩፑ የጠፋበት በኔትወርክ መስሎታል። ክዳኑን እየለጠፈ የድሮውንና የአዲሱን ቅጂ እያፈራረቀ አሰማኝ። እውነትም ሳክስፎኑ ጎድሏል። ይቅርታ ልጠይቀው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«አዎ፣ ኔትወርክ ነው» አልኩት።

ዲላ ስመለስ መልሼ አስገባሁት። የጻፍኩትን ማጥፋት ግን ረሳሁ። የቆዩትን መልእክቶች ወደ ላይ እየገፋ ሁሉንም አነበበ፤ የሰዎቹን ሳቅ፣ የእኔን «ስድብ»፣ ያስወጣሁትም እኔ መሆኔን።

ከሁለት ቀን በኋላ ለብቻዬ ጻፈልኝ፦ «እርስዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስድብ መሆኑን አላወቅሁም።»

እርስዎ ለወንድም ለሴትም ያው ነው፤ አያሳስትም። በዕድሜ ግን እሱ ይበልጠኝ ነበር። በጣም አፈርኩ።

እስክመረቅ ድረስ ካሴት መላኩን አላቆመም። ከእያንዳንዱ ሥር «ለእርስዎ» የሚል አለበት፤ አሁንም ስልኩ ላይ ተደርድረዋል። ሳክስፎኑ የት ሄደ ብሎ ግን ሁለተኛ አልተከራከረኝም። ከዲላ በወጣሁበት ሳምንት አላስችል ብሎኝ «እባክህ እንደ ድሮው አንቺ በለኝ፣ ናፍቆኛል» ብዬ ጻፍኩለት።

ወዲያው መለሰልኝ። «እሺ፣ እርስዎ እንዳሉ።»