ያልሰጠሁት ቦርሳ

ትናንት ልጄ ለትምህርት ቤት ጉዞ ስንቋን ስትቋጥር የትኩስ ዳቦ ሽታ ቤቱን ሞላው። እኔን ግን ይዞኝ ሄደ፤ መካነ ሰላም ከተማ ተማሪ ወደነበርኩበት ጊዜ።

የትምህርት ቤታችን ክበብ አንድ ቀን ደን ውስጥ ሊያድር ወጣ። ዛፍና ዛፍ መሀል የጨርቅ አልጋ ወጥረን ልንተኛ ነው። የሚጠብቁን የደኑ ዘበኛ ጋሽ ሰይድ ነበሩ፤ ካፖርታቸው ያረጀ፣ ጫማቸው የተቀዳደደ ሽማግሌ። ሲመሽ ረጅም ገመድ ይዘው መጡ።

«ቦርሳችሁን አምጡ ልጆቼ፤ ራቅ ካለው ዛፍ ላይ እሰቅለዋለሁ። ምግብ ያለበት ዕቃ አጠገባችሁ አይደር።»

ሁሉም ሰጡ። እኔ ግን የተቀዳደደውን ጫማ አየሁና ቦርሳዬን ወደ ራሴ ሳብኩ።

«የኔ ደብተር ብቻ ነው» አልኳቸው። ውስጡ እናቴ የጋገረችው ድፎ ዳቦ ነበር።

ትንሽ አዩኝና፣ «ይሁን፤ አላህ በሰላም ያሳድርሽ» ብለው ሄዱ። ቦርሳዬን አቅፌ ተኛሁ።

ሲነጋ ብነቃ ከአልጋዬ ሥር ዱላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ካፖርታቸው በጤዛ ርሷል።

«ጋሽ ሰይድ፣ ሳይተኙ አደሩ?»

«ዳቦው ሸተተኝ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔን ከሸተተኝ ጅብንም ይሸተዋል ብዬ ነው።»

እሳቸው ተነሡና ፊታቸውን ወደ ጫካው አዙረው፣ «እስቲ ዕቃሽ እንዳልጎደለ እይው፣ ልጄ» አሉኝ።

መዋሸቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ግን፣ ይህን ሲሉኝ ቦርሳውን ከፍቼ ማየቴ ነው።