ለጉድጓዱ የቆምንበት እሑድ

ጣሊያን መተማ ላይ ሰፍሮ በነበረበት ዘመን፣ እኛ የምንኖረው ከኮኪት ወዲህ ባለች ትንሽ መንደር ነበር። ባሌ በወባ ሞቶብኝ እርሻዬን የሚያርሱልኝ ታላቅ ወንድሙ ነበሩ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ያለ እሳቸው በሬዎች አንድ ማሳ ማሽላ እንኳ አይበቅልልኝም ነበር።

በበጋ ወንዙ ሲደርቅ ውሃ የምናገኘው አሸዋውን እየጫርን ነው። ሴቶቹ ጎህ ሲቀድ ወጥተን ፀሐይ አናት ስትበሳ እንመለሳለን። በዚያ በጋ መውለጃዋ የተቃረበ ጎረቤቴ እንስራዋን እንዳዘለች መንገድ ላይ ወደቀች። ደግፌ ቤቷ ያደረስኳት እኔ ነኝ። ልጁ አልተረፈም።

ብዙም ሳይቆይ የመንደሩ ሹም ሰው ሰበሰቡ። ከድንበሩ ማዶ ከገላባት ጉድጓድ ቆፋሪዎች እንዲመጡና ለድካማቸው እያንዳንዱ ቤት ከማሽላው እንዲያዋጣ ሐሳብ አቀረቡ።

«ተመካከሩና እሑድ እንለያለን» አሉ። «የሚስማማ ከኩርኩራው ዛፍ ወዲህ፣ የማይስማማ ከወዲያ ይቆማል።»

ባል ስለሌለኝ በቤቴ ስም የምቆመው እኔው ነበርኩ።

ቅዳሜ ጋሼ ቤቴ መጡ።

«እንዳትስማሚ» አሉኝ። «ማሽላው አይደለም ያሳሰበኝ። ውሃ ካወጣን ጣሊያን በቅሎዎቹን እየነዳ ይመጣብናል። እስካሁን የተወን ውሃ ስለሌለን ነው።»

«የጎረቤቴስ ነገር ጋሼ?»

«እኔም አዝኛለሁ። ወታደር ደጃፋችን ላይ ሲሰፍር ግን ሌላ ሐዘን ይመጣል።»

ያሉት ሁሉ እውነት ነበር። «ላስብበት» አልኳቸው። ሲሄዱ ደግሞ ቢቀየሙኝ ማን ያርስልኛል የሚለው ሐሳብ ያዘኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ መለየት ጀመረ። ጋሼ ከወዲያ ቆመው ወደ እኔ ያያሉ። ያቺን ልጇን ያጣች ሴት ደግፌ ስመልሳት እጄን እንዴት አድርጋ ይዛኝ እንደነበር ትዝ አለኝና ከኩርኩራው ወዲህ ሄጄ ቆምኩ። የተስማማነው በለጥን። ጋሼ ሳያናግሩኝ አለፉ።

ጉድጓዱ ተቆፈረ፤ ትንሽ ጨው ጨው የሚል ውሃ ወጣ። ዝናብ ሲጥል ግን ማሳዬን ይረሱልኝ ብዬ ለጋሼ ለመላክ አፈርኩ። አንድ ማለዳ ስወጣ በሬዎቻቸውን ጠምደው ማሳዬ ላይ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ አልተቀየሙኝም?»

«ተቀይሜያለሁ» አሉ። «ዝናቡ ግን እስክንታረቅ አይጠብቀንም።»

በቀጣዩ በጋ እንዳሉት ሆነ። ወታደሮች በቅሎዎቻቸውን ነድተው መጡና እኛን ገለል አድርገው ያጠጡ ጀመር። አንድ ቀን እንዲህ ዳር ይዘን ስንጠብቅ ጋሼ አጠገቤ ተቀመጡ። «አላልኩሽም?» ይሉኛል ብዬ ነበር፤ አላሉኝም።

«አሁን ቢጠየቁ የት ይቆማሉ?» አልኳቸው።

«እዚያው ከወዲያ። አንቺስ?»

«እኔም እዚያው ከወዲህ።»

ፈገግ አሉ። በቅሎዎቹ ጠጥተው ሲሄዱ ውሃው ደፍርሶ ነበርና፣ እስኪጠራ ድረስ አብረን ተቀምጠን ጠበቅን።