ስልኩን ቀድሜ አነሳለሁ

የመመረቂያ ጽሑፌን ኮሚቴው ፊት ላቀርብ ዘጠኝ ቀን ሲቀረኝ ነው ጥናቴ ውሸት መሆኑን የደረስኩበት። «ውሸት» ከባድ ቃል ነው። የሚቀል ቃል ፈልጌ አጣሁ፤ ቃል መፈለግ ደግሞ ሥራዬ ነው።

አገር ቤት አሥራ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ሲያትል ከመጣሁ በኋላ ሰው እንግሊዝኛን እንዴት እንደሚማር የሚያጠና የዶክትሬት ተማሪ ሆንኩ። ባለቤቴ «ይህን ሁሉ ዓመት ስታስተምር የኖርከውን አሁን እንዴት እንደሚያስተምሩት ልትማር?» እያለች ትስቅብኛለች። ዕድሜዬ አርባ አራት ነው። ክፍል ስገባ ወጣቶቹ አስተማሪው የመጣ መስሏቸው ጸጥ ይላሉ። ጊዜ ይራዘምልኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ለምኛለሁ፤ ሁለተኛው የመጨረሻው እንደሆነ በጽሑፍ ነግረውኛል። ስለዚህ ያን ሰሞን ከዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ሳልከፍተው አሳድረው ነበር።

ጥናቱ ቀላል ነበር። ኦቴሎ በሚባለው የሲያትል ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ ባለ አዳራሽ ውስጥ፣ ሰባት አረጋውያን አበሾችን አሥራ ሁለት ሳምንት እንግሊዝኛ አስተማርኩ። ከሰሌዳ መገልበጥ የለም፣ መሸምደድ የለም። ሁለት ሁለት ሆነው ይለማመዳሉ፤ አንዱ ሐኪም ቤት ይሆናል፣ ሌላው በሽተኛ፤ ይደዋወላሉ፣ ቀጠሮ ይይዛሉ፣ ተመሰጋግነው ስልኩን ይዘጋሉ። የሚባባሉትን ሁሉ የምጽፍላቸው እኔ ነኝ። በመጨረሻ ደግሞ ለየብቻ ቃለ መጠይቅ አድርጌ ፍርሃታቸው ቀንሶ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ከሁሉ የሚፈሩት ስልክን ነው። ፊት ለፊት ከሆነ በእጅም በዓይንም ይግባባሉ፤ ስልክ ግን እጅ አያይም።

ከመጀመራችን በፊት የስምምነት ቅጽ ማስፈረም ነበረብኝ። ዩኒቨርሲቲው በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። በአማርኛ ተርጉሜ አነበብኩላቸው። መሳተፍ በፈቃዳችሁ ነው፤ ባሻችሁ ጊዜ ማቋረጥ ትችላላችሁ፤ ብታቋርጡ ምንም አይደርስባችሁም። ሰባ ስምንት ዓመት የሆናቸውና ሁላችንም እማማ የምንላቸው ሴት መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኛስ ምንም አይደርስብንም። እኛ ብንተው አንተ ምን ይደርስብሃል?» አሉ።

«እኔማ እወድቃለሁ!» ብዬ ሳቅኩ።

እነሱ አልሳቁም። ሰባቱም ተራ በተራ ፈረሙ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ግን ያንን ቀልድ እዚያው ረሳሁት።

ቃለ መጠይቁ ሲደርስ የመጀመሪያው አባት «ድሮ ስልክ ሲጮህ ልቤ ይመታ ነበር፤ አሁን ቀድሜ አነሳለሁ» አሉኝ። ደስ አለኝ። ሁለተኛዋም እንደዚያው አሉ። ሦስተኛውም። በእኛ ሙያ ሦስት ሰው አንድ ነገር ሲል ጭብጥ ይባላል፣ ሰባት ሰው ሲለው ደግሞ ግኝት። የአንድ ምዕራፍ ርዕስ አደረግኩት። አማካሪዬ ትርጉሙን አንብባ ጠርዙ ላይ ሦስት ቃለ አጋኖ ደረደረችበት። ለብዙ ዓመት ስገረምበት የምኖረው ይህ ነው፤ ተማሪ ሲኮርጅ በዓይኑ አኳኋን የማውቅ ሰው፣ አንድ ዓይነት መልስ ሰባት ጊዜ ተቀብዬ አንድም ጊዜ አልጠረጠርኩም። መልሱ የሚጥም ከሆነ ለካ አስተማሪም ይታወራል።

ያን ቀን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ፣ ለኮሚቴው የማሰማውን ድምፅ እየመረጥኩ ነበር። ስድስተኛው ቃለ መጠይቅ ላይ ደረስኩ። በዚያ ቃለ መጠይቅ መሀል የመኪናዬ ማቆሚያ የተከፈለበት ሰዓት አልቆ «አንዴ ሌላ ቦታ ፓርክ አድርጌ ልምጣ» ብዬ ወጥቼ ነበር። መቅረጫውን ሳላጠፋው ነው የሄድኩት። ንግግሩን ወደ ጽሑፍ ስገለብጥ ባዶ ነው ብዬ የዘለልኩት ክፍል፣ አሁን ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ እንዳለ ዝም ብሎ ቀጠለ። በር ሲከፈት ተሰማ፤ ከዚያ የእማማ ድምፅ።

«ነገርከው?»

«ገና ነኝ። እስካሁን ስለ አውቶቡስ ነው የጠየቀኝ» አሉ ተጠያቂው አባት።

«የስልኩን እንዳትረሳ!»

«እንዴት ነበር እሱ?»

«ድሮ ስልክ ሲጮህ ልቤ ይመታ ነበር በል። አሁን ቀድሜ አነሳለሁ በል። ካንተ በፊት የገባነው ሁሉ ብለንለታል። አንተ ብቻህን ሌላ ካልክ ልጁ መውደቁ ነው።»

«ኧረ እኔ አንስቼ አላውቅም።»

«ማን አንስቶ ያውቃል? ዝም ብለህ በል። የልጅ አባት ነው፣ ያሳዝናል።»

ከዚያ የኔ ኮቴ መጣ፤ «ይቅርታ አባባ፣ የት ደርሰን ነበር?» አልኩ።

«ስልኩ ላይ» አሉ።

ማዳመጫውን አወለቅኩ። ያልሰማሁ ይመስል መልሼ ሰካሁትና ከመጀመሪያው አዳመጥኩ። ቀድሞ የመጣብኝ ንዴት ነው። ማን እርዱኝ አላችሁ? አልኩ በሆዴ። ወዲያው ደግሞ ያ «እወድቃለሁ» ያልኩት ትዝ አለኝ። ለካ ጠይቄያቸዋለሁ። ፈተና ላይ ያለ ልጅ ሲወድቅ ዝም ብሎ የሚያይ የኛ ሰው የለም። እነሱ ከዚያች ቀን ጀምሮ ጥናት ውስጥ አልነበሩም፤ እኔን በማሳለፍ ላይ ነበሩ።

ከሲያትል ወጣ ብላ ማውንትሌክ ቴራስ የምትባል ከተማ ወዳለው ቤቴ ነዳሁ። ባለቤቴ ከሥራ ገብታ ሽንኩርት ትከትፋለች። ነገርኳት።

«ሶ፣ ኮሚቴው ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ሰው አለ?» አለችኝ።

«የለም።»

«ኦኬ፣ ታዲያ ሁለቱን ደቂቃ ዲሊት አድርጋት። ሰዎቹ እኮ ፈቅደው ነው ያሉት። ሦስተኛ ጊዜ አራዝሙልኝ ልትል ነው?»

ያስፈራኝ እሷ ያለችው ሁሉ ትክክል መሆኑ ነበር። ከእኔ በቀር ይህን የሚያውቅ አንድም ሰው አይኖርም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖ ግን ቀጣዮቹን ሦስት ቀናት ፋይሉን እያጠፋሁ መልሼ አወጣሁት። ልጄ ከመኪናው የኋላ ወንበር «ዳድ፣ አር ዩ ሲክ?» ብላ ጠየቀችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። እሷ እንኳ አላመነችኝም።

በአራተኛው ቀን ኦቴሎ ሄድኩ። ትምህርቱ ቢያልቅም ሰባቱም እየተሰበሰቡ ሻይ ይጠጡ ነበር። መቅረጫ አልያዝኩም። ሳላጠፋው ወጥቼ የተባባሉትን እንደሰማሁ፣ ጥፋቱም የኔ እንደሆነ ነገርኳቸው። አንዱ አባት «ክፉ አደረግን እንዴ?» አሉ፤ ድምፃቸው የተቆጡት ልጅ ድምፅ ነበር።

«አላደረጋችሁም። አሁን ግን እውነቱን ንገሩኝ። ስልክ የሚያነሳ አለ?»

አንዷ «እኔስ ድምፁን አጥፍቼዋለሁ» አሉ። ሌላው ስልኩን እንድታነሳላቸው የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት እስክትመጣ እንደሚጠብቁ ተናገሩ። እየጻፍኩ አልነበረም፤ ቢሆንም ምዕራፎቼ አንድ በአንድ ሲፈርሱ ይታየኝ ነበር።

በዚህ መሀል የእማማ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። ሁሉም አፈጠጡበት።

«እነሱ ናቸው» አሉ እማማ። «ሐኪም ቤቶቹ። ሲደውሉ ይኸው ሦስት ሳምንታቸው።»

ስልኩን ወደኔ ገፋ አደረጉት። እኔ እጄን ሰበሰብኩ። አስተማሪነት ይሁን ቂም፣ ዛሬም አላውቀውም። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው አነሱት። ስማቸውን ተናገሩ፤ የተወለዱበትን ቀን፣ ወርና ዓመት አንዲት ሳይስቱ ልክ እንደተለማመድነው ተናገሩ። እውነቴን ነው፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ድኛለሁ ብዬ አሰብኩ፤ ይኸው ይሠራል፣ ይኸው በዓይኔ አየሁ። «የስ» አሉ። «ኦኬ። የስ። ቴንኪው። ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ» ብለው ዘጉት። አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ።

«ምን አለችዎት?» አልኳቸው።

«እኔ እንጃ ልጄ። ትሑት ሰው ናት፤ እሺ አልኳት።»

ፈቃዳቸውን ጠይቄ መልሼ ደወልኩ። ተቀባይዋ ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ በከፈትኩት ስልክ አስረዳች። በምርመራቸው ላይ የታየ ነገር ስላለ መደገም አለበት፤ ነገ ጠዋት ምንም ሳይበሉ መምጣት አለባቸው፤ እሳቸውም ቅድም በስልኩ ተስማምተዋል። ተስማምተዋል የሚለውን ስተረጉም ዓይኔን ጠረጴዛው ላይ ተከልኩ። ተርጉሜ ስጨርስ እማማ ስልካቸውን መልሰው ወሰዱ። ከዚያ «ለልጄ እንዳትነግራት፤ ስልክ እችላለሁ ብያታለሁ» አሉኝ።

ከአዳራሹ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ለአማካሪዬ ሦስት መስመር ጻፍኩ። የሰበሰብኩት መረጃ ለጥናት እንደማይሆን፣ ጥፋቱ የተሳታፊዎቹ እንዳልሆነና ኮሚቴው ፊት የማቀርብበት ቀን እንዲሰረዝልኝ። እጄ ሳያመነታ ላክሁት። ከዚያ ፈራሁ፤ መሪውን ይዤ ሞተር ሳላስነሳ ብዙ ቆየሁ። ዲግሪው ምን ሆነ ለሚለኝ ሰው መልሱ አጭር ነው። ገና ነው።

በማግስቱ ጠዋት እማማን ይዤ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ልጃቸው ሥራ ላይ ናት። ከአማካሪዬ መልስ ስላልመጣ ስልኬን በየደቂቃው አያለሁ። እማማ ባዶ ሆዳቸውን እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። ነርሷ በሩን ከፍታ ስማቸውን ጠራች።

«አብሬዎት ልግባ?»

«አይሆንም፣ የሴት ነገር ነው» ብለው ተነሱ። ሁለት እርምጃ ሄዱና ተመለሱ። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ ‹አልገባኝም› የሚባለው እንዴት ነው?»

አሥራ ሁለት ሳምንት ሙሉ አላስተማርኳቸውም ነበር። እኔ በጻፍኩት ልምምድ ውስጥ ያልገባው ሰው አልነበረም። ነርሷ በሩን ይዛ እየጠበቀች እዚያው ቆሜ ነገርኳቸው። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝና እያነበነቡት ገቡ።